ውኃ ያልነካው ስም

በሃልስተድ ሰፈር ከተወለዱት ልጆች ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱን በእጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሰፈርተኛው «ሲስሊ የሁሉንም ስም ከነተወለዱበት ቀን ታውቃለች» ይላል። ወንዶቹ ከባሕሩ ዳር ረግረግ ሣር አጭደው ሲመለሱ በደጄ ያልፉና «እትዬ ሲስሊ፣ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ይፈትኑኛል። «አንተማ ስትወለድ እግርህ ከራስህ ቀድሞ የመጣህ፣ እናትህን ሁለት ቀን ሙሉ ያስጮህካት ዛብሎን ነህ፤ ያኔም ግትር ነበርክ» እለዋለሁ አንዱን። ይስቃሉ። ሁሉን ታውቃለች ሲሉኝ አላስተባብልም።

ታምዚን የሞተችው ባለፈው መስከረም ነው። ቀብሯ ላይ የተገኘነው ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ከዘጠኙም ሦስቱ ዝናቡን ሸሽተው አፈሩ ሳይመለስ ሄዱ። ልጅ የላት፣ ባል የላት፣ ስለ እሷ የሚያወራ ሰው የለም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው። ዓይኔ ደክሟል፤ ቢሆንም ሰባ አምስት ዓመት የኖረ ሰው አንዲት እውነት ሳይናገር ቢሞት ያሳፍራል።

ባሕር ተሻግራ ወደዚህ አዲስ አገር የመጣችው በ1638 ሐምሌ ላይ ነው። እኔና ባሌ ሦስት ዓመት ቀድመን መጥተን ስለነበር፣ መርከብ ታየ ሲባል የአገር ቤት ወሬ ለመልቀም ወደ ወደቡ እንሮጣለን። ታምዚን ከጀልባዋ ስትወርድ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እግሯ መሬት ሲነካ ተንገዳገደች፤ አሥር ሳምንት ባሕር ላይ የከረመ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። በክንዷ የሕፃን መጠቅለያ አቅፋለች። ጠጋ ብዬ ሳየው ውስጡ ሕፃን አልነበረም፤ ጨርቁን ብቻ ነው ያጣጠፈችው።

«ስንት ወሩ ነበር?» አልኳት። ሳይጠሩኝ መግባት ልማዴ ነው።

«ስምንት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ተቅማጥ ያዘው። መርከበኞቹ በሸራ ሰፍተው ወደ ባሕር ጣሉት።» ጨርቁን እንደገና አጠፈችው። «እሱስ ግድ የለም እትዬ። ተጠምቋል፤ ስሙ ጸንቶለታል። እግዚአብሔር ሲጠራው አቤት ይላል።»

እሷም እንደ እኔ በአገር ቤት የሰፎክ አውራጃ ልጅ ናት፤ መንደሯ ከእኛ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በእነሱ ዘንድ ልጅ ሳይጠመቅ ስሙ አይጠራም። ውኃ ሳይነካው የተጠራ ስም እንደ ገለባ ነፋስ ይወስደዋል፣ ልጁም በወዲያኛው ዓለም ሲጠራ አይሰማም ይላሉ። የእኛ የጸሎት ቤት መምህራን ይህን ሲሰሙ የአሮጌው አገር አጉል እምነት ነው ብለው ይቆጣሉ። ይቆጡ። ታምዚን ያመነችው ግን ይህንን ነው።

ባሏ አምብሮዝ የሣር ጣራ ከዳኝ ነበር። ጣራ ላይ ሲወጣ ከሣሩ ጋር ያወራል፣ ያንጎራጉራል፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተበተባል። «እ-እ-እንደምን አደራችሁ» እስኪል ገንፎው ስለሚቀዘቅዝ ቀድመነው «ደህና፣ ደህና» እንለው ነበር። ሁለቱ ከወንዙ ማዶ አንድ ክፍል ቤት ሠሩ። የጭስ ማውጫው ከእንጨትና ከጭቃ የቆመ ነው፤ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ታምዚን በየሳምንቱ ጭቃ ትለጥፍበታለች። እርሻቸውን የመነጠሩት ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። እነሱን ቸነፈር ፈጅቷቸው በቆሎ ያስቀምጡባቸው የነበሩት ጉድጓዶች ብቻ ቀርተዋል። እነማን እንደነበሩ አልጠየቅንም። እንዲያውም መምህራችን እግዚአብሔር መሬቱን አዘጋጀልን ብለው ምስጋና አደረሱ።

ታምዚን ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ሳይሞላ ወረደባት። በአራተኛው ዓመት ጸናላት። ግንቦት መግቢያ ላይ ሆዷ ገፍቶ፣ ጎንበስ ብላ በበቆሎው ጉብታ ውስጥ ዓሣ ስትቀብር አገኘኋት። በዚያ ወር በሰፈራችን ያለ ውሻ ሁሉ የፊት እግሩ ከአንገቱ ጋር ይታሰራል፤ ካልታሰረ ለማዳበሪያ የተቀበረውን ዓሣ ቆፍሮ ይጨርሰዋል። የእሷም ውሻ በሦስት እግሩ እያነከሰ ይከተላታል።

«አንቺ ሴት፣ እዚሁ ጉብታ ላይ ልትገላገዪ ነው?» አልኳት።

«ምን ላድርግ እትዬ ሲስሊ፣ በቆሎው አይጠብቀኝም። ይሄኛው ደግሞ» ብላ ሆዷን መታ መታ አደረገች፣ «ይሄኛው ጨዋ ነው፤ ትንሽ ቆይ ስለው ይቆያል።»

ሦስት ቀን ቆየላት። ወንድ ነው፤ ቀይ፣ ጯሂ፣ ጸጉሩ እስከ ማጅራቱ የወረደ። አጥቤ ሳስታቅፋት «ማን እንበለው?» አልኳት። «እሱን እኔና አምብሮዝ እናውቃለን። ሲጠመቅ ትሰሚዋለሽ» አለችኝ። እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ጸሎት ቤት ልጅ የሚጠመቀው ከእናትና ከአባቱ አንዱ የማኅበሩ አባል ሲሆን ብቻ ነው። አባል ለመሆን ደግሞ እሑድ መምጣት፣ መጾም፣ መመጽወት አይበቃም። ሕዝቡ ፊት ቆመሽ እግዚአብሔር ነፍስሽን እንዴት እንደያዛት መናገር አለብሽ። ወንዶቹ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ያወጣሉ። እጅ ካልወጣልሽ ከነልጅሽ ደጅ ነሽ። አምብሮዝ ይህን ሲነግሩት ፊቱ ላቡን አዘነበ። «እ-እ-እኔን... እኔን ተዉኝ» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ስለዚህ ነገሩ በታምዚን ላይ ወደቀ።

የመንደሩ ጸሐፊ የተወለዱትን ሊመዘግብ ሲመጣ «ስም?» አላት። «ገና ነው» አለች። «ሴትዮ፣ መዝገብ ላይ ገና የሚባል ነገር የለም!» «ታዲያ ባዶ ተወው።» ጸሐፊው ተቆጥቶ «የአምብሮዝ ልጅ፣ ወንድ» ብሎ ጻፈና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ልጁን ስም የለሽ ይለው ጀመር። የወፍጮው ባለቤት ሚስት፣ ያቺ ምላሷ እንደ መርፌ የሚወጋው፣ በየመንገዱ «ስም የለሹ ደህና ነው?» ትላታለች። ታምዚንም «ደህና ነው፤ ስም ያላቸውን ልጆችሽን ሰላም በይልኝ» ብላ ታልፋለች።

መከሩ ገብቶ በቆሎ ስንፈለፍል አሠለጠንኳት። ልጁ ቅርፊቱ ክምር ውስጥ ተቀምጦ ቅጠል ያኝካል።

«ስሚኝ» አልኳት፣ «መጀመሪያ ኃጢአትሽን ታያለሽ። ቀጥሎ ይጨልምብሻል። ተስፋ ስትቆርጪ አንድ ጥቅስ ይመጣልሻል፣ ትጽናኛለሽ። መጨረሻ ላይ እንደገና ትንሽ ትጠራጠሪያለሽ።»

«ትንሽ ስትዪ ስንት?»

«በወጥ ጨው ልክ። ከበዛም መጥፎ ነው።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሌላ በቆሎ አንሥታ ፈለፈለች። «እኔ ግን ጨልሞብኝ አያውቅም እትዬ ሲስሊ።»

«ልጅሽን ባሕር ውስጥ ጥለሽ?»

«አለቀስኩ እንጂ መቼ ጨለመብኝ! እግዚአብሔር አይወደኝም ብዬ አስቤ አላውቅም።»

«ይቺን እዚያ እንዳትናገሪያት።»

«ታዲያ በእግዚአብሔር ቤት ልዋሽ?»

«ማን ዋሺ አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

የራሴን ምስክርነት ተናገርኩላት። እኔ ስቀበል ግማሽ ሰዓት ነው የተናገርኩት። ልጅ ሳለሁ ጉድጓድ ወድቄ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሲኦልን እንዳየሁና አንድ የመዝሙር ቃል እንዳወጣኝ ስናገር ሴቶቹ አለቀሱ፣ እጅ ሁሉ ወጣ። ለታምዚን ያልነገርኳት፣ ጉድጓዱ ጉልበቴ ድረስ እንደነበረ ነው።

በጥቅምት አንድ እሑድ ከበሮው ተመትቶ ገባን። ያን ሰሞን የተገደሉ የሁለት ተኩላዎች ራስ ጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተቸንክሯል፤ ደሙ በሳንቃው ላይ ወርዶ ደርቋል። ልጁ በሴቶቹ ወገን እኔ ጭን ላይ ነው። ታምዚን ቆመች። ኃጢአቷን ተናገረች፤ በአጭሩ፣ ሳታሳምር። እዚያ ላይ አበቃች። ጨለማውን እየጠበቅን ነው። አልመጣም።

ፐርኪስ ተነሣ። ሽማግሌ ይሉታል፤ እኔ ግን በአገር ቤት የአባቱን አሳማ ሲጠብቅ ስለማውቀው አንቱ ማለት ይከብደኛል። «ስለ ነፍስሽ መዳን ጥርጣሬ ይይዝሻል?» አላት።

«አይይዘኝም።»

«በጭራሽ?»

«በጭራሽ። እግዚአብሔር እንደሚወደኝ አውቃለሁ።»

ወንበሩ ሁሉ ተንቋቋ። በእኛ ዘንድ ጥርጥር የሌለበት ሰው በራሱ ተታሏል፣ ትዕቢተኛ ነው። የሚድን ሰው ይንቀጠቀጣል። እኔ ጭኔ ላይ ያለውን ልጅ ጨምድጄ ይዤ «ተጠራጠሪ፣ አንቺ ሴት፣ ተጠራጠሪ!» እያልኩ በሆዴ እጮኻለሁ።

መምህር ስታንሞር ክፉ ሰው አልነበሩም። ለስለስ ብለው «ልጄ፣ ይህ እርግጠኝነት ከየት መጣልሽ? ከቃሉ ነው?» አሏት። በር ከፈቱላት። አዎ ብትል ያልፍ ነበር።

«ከልጄ ነው» አለች። «ልጄን ሲሰጠኝ አወቅሁ።»

«ወደ ማኅበሩ ለመግባት የፈለግሽውስ ለምንድን ነው?»

«ልጄ እንዲጠመቅ ነዋ» አለች፤ ይህም የሚጠየቅ ነገር ሆኖ ገርሟት።

አንድም እጅ አልወጣም። ነፍሷን በደንብ መርምራ እስከ ፀደይ እንድትቆይ ተወሰነ። ስንወጣ ልጁን ከእጄ ተቀብላ አብራኝ መንገድ ጀመረች። አምብሮዝ ከኋላችን ነው።

«ምን ብዬ ነው ያጠፋሁት?» አለችኝ።

«ይወደኛል አልሽ።»

«አይወደኝም እንዴ?»

«ይወድሽ ይሆናል። ግን እርግጠኛ መሆን የለብሽም።»

ልጁን አየችው። «ይሄ ልጅ እናቴ ትወደኝ ይሆን ወይ ብሎ ሲጠራጠር ቢውል፣ እኔን ደስ የሚለኝ ይመስልሻል?» አለችኝ።  ያኔ የተናደድኩት በእሷ ነው። አንዲት ቃል መዋጥ አቅቷት ልጇን ደጅ አስቀረችው ብዬ አማኋት፤ ወፍጮ ቤትም ሄጄ አማኋት።

ፀደይ አልደረሰም። በየካቲት የጉሮሮ በሽታ ገባ። ከእኛ ሰፈር አሥራ አንድ ልጆች ወሰደ። አንድ ጠዋት አምብሮዝ በበረዶ እስከ ወገቡ እየሰመጠ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ፤ ምንም ማለት አቅቶት በእጁ ጉሮሮውን አሳየኝ። ተከትዬው ሄድኩ።

ልጁ ትንፋሹ ያፏጫል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። የእንጨት ሳህን ውኃ ይዤ በጨርቅ ከንፈሩን አረጥብለት ጀመር። ከዚህ ሌላ ለዚያ በሽታ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ታምዚን ከእሳቱ ዳር ቆማ ታየኛለች።

«እናትሽ አዋላጅ ነበሩ አይደል?» አለችኝ።

«ነበሩ።»

«ራስሽ ነግረሽኛል። ሕፃን ሲያጣጥር ካህን እስኪመጣ ሳይጠብቁ በእጃቸው ያጠምቁ ነበር።»

ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ። «ያ በአሮጌው አገር ነው፣ ታምዚን። እዚህ ክልክል ነው።»

«ውኃው እጅሽ ላይ ነው።»

«ከማኅበሩ ያስወጡኛል! ሴት በእጇ አጠመቀች ቢባል ከዚያ በኋላ ማን ለማዋለድ ይጠራኛል? ራስሽ አድርጊው እንግዲህ።»

«እናት የራሷን ልጅ አታጠምቅም፤ አዋላጅ ናት የምታጠምቀው። ይህን አንቺ ታውቂያለሽ።» መጣችና አጠገቤ ተንበረከከች። በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው ስትለምን ያየኋት። «እትዬ ሲስሊ፣ ሦስት እፍኝ ነው። ለማንም አልናገርም። አምብሮዝም መናገር ቢፈልግ አይችል።» እንዲህ ባለ ሰዓት ቀለደች፣ ምስኪን። ከዚያ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ ስሙን ነገረችኝ። «ይህን ጠርተሽ አፍስሺበት» አለችኝ።

እኔ ግን «መምህሩ ጋ ሂጂ» አልኳት። «ሲያዩሽ ይራሩ ይሆናል። ባልሽ በረዶውን ይጥረግልሽ፤ እኔ ልጁን እይዛለሁ።» የላክኋት መምህሩ ይመጣሉ ብዬ አይደለም። ዓይኗን ከላዬ እንድታነሣልኝ ነው። ሻርፗን ጣል አድርጋ ሮጠች፤ አምብሮዝ ከፊቷ በረዶውን እየጣሰ።

ብቻዬን ቀረሁ። እኔ፣ ልጁና ሳህኑ። ማንም አያየኝም። ባደርገው ማንም አያውቅም፤ አላደረግሁትም ብላትም አድርጌዋለሁ ብላትም ታምነኛለች። ውኃውን አየሁት። ሳህኑ አፉ ላይ የተሰነጠቀ ነበር፣ ውኃው ላይ የሣር ብጣሽ ይንሳፈፋል። ፐርኪስ ምን ይለኛል፣ ሴቶቹ ምን ይሉኛል፣ ኃጢአት ቢሆንስ፣ እያልኩ ሳስብ ልጁ ማፏጨቱን አቆመ። ጨርቁን ከንፈሩ ላይ እንደያዝኩ ነበር። ዘጠኝ ወር ሞልቶት ነበር።

መምህር ስታንሞር መጡ። እውነቴን ነው፣ በዚያ በረዶ መጡ። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ልጁን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጸልይላችሁ ነው የመጣሁት» አሉ። «በሕይወት ባገኘውም፣ ልጆቼ፣ ከማኅበሩ ፊት ውጭ፣ አባል ላልሆነ፣ ማጥመቅ አልችልም ነበር።»

አምብሮዝ ቀና አለ። «ታዲያ ለምን መጡ?» አለ። አንዲት ፊደል ሳትተበተብበት። ሁላችንም ደንግጠን አየነው።

ታምዚን እኔን ነው ያየችው። «አድርገሽለታል?» አላለችኝም። ሳህኑን አየች፤ ውኃው እንዳለ ነው። ከእጄ ወስዳ ደጁ ላይ ደፋችው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር መቃብሩን ለመቆፈር ግማሽ ቀን እሳት አነደድንበት። መዝገቡ ላይ «የአምብሮዝ ልጅ፣ ሞተ» ተብሎ ተጻፈ።

ሰኔ ላይ አምብሮዝ ዓሣ በጫነ መርከብ ወደ አገር ቤት ሄደ። ያኔ እዚያ ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ወንዶች ይመለሱ ነበር። እሱ ግን ለጦርነቱ አልሄደም፤ «ጣ-ጣራ ልሠራ ነው፣ ቤት ሳገኝ እ-እልክብሻለሁ» አላት። ወደቡ ድረስ ሸኘችው። አልላከባትም። ይሙት፣ ይክዳት፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ባሏ መሞቱ ስላልተረጋገጠ ማግባት አትችልም ነበር፤ ሲፈቀድላት ደግሞ የሚያገባት አልተገኘም። የሠራላት ጣራ ግን ሃያ ዓመት አላፈሰሰም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማኅበሩ እንደገና ጠራት። ልሂድ አልሂድ አላለችም፤ ከበሮው ሲመታ መጥታ ቆመች። ፐርኪስ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት።

«ስለ ነፍስሽ ጥርጣሬ ይይዝሻል?»

«ሌላ ምንም የለኝም» አለች። «እንደሚወደኝ አውቅ ነበር። አሁን አላውቅም። ስጠራው ማንም አቤት የሚለኝ አይመስለኝም። በሌሊትም በቀንም አላውቅም።»

ፐርኪስ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። እንዲህ ያለ የተሰበረ ልብ ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ጸጋ ማለት ይህ እንደሆነ ተናገረ። የወንዶቹ እጅ ሁሉ ወጣ፤ ደን ይመስል ነበር። ከዚያ መምህሩ አባል ለሆነ ሁሉ የሚነበበውን አነበቡላት፣ በልማድ፣ ሳያስቡት። «ከእንግዲህ ከጌታ ማዕድ ትካፈያለሽ፤ ልጆችሽንም ወደ ጥምቀት ታቀርቢያለሽ» አሉ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። 

«እሺ» አለች ታምዚን። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አጠገቤ ተቀመጠች። ወር በገባ የማዕዱን ኅብስት ተቀበለች፤ ክረምት ሲሆን ቀዝቅዞ ሳህኑ ውስጥ ይንኳኳል። ቂም የያዘች አትመስልም ነበር። ሲያመኝ ሾርባ ታመጣልኛለች፣ ባሌ ሲሞት ሁለት ሳምንት አብራኝ አደረች። አንዴ ብትሰድበኝ ምናለ እያልኩ ተመኘሁ። ልጅ ሲጠመቅ ግን ወደ መምህሩም ወደ ሕፃኑም አታይም፤ ሳህኑን ነው የምታየው።

ልጁ በሞተ በሃያ ዓመት ገደማ የቅኝ ግዛቱ መምህራን ተሰብስበው ደጁን ከፈት አደረጉት። የተጠመቁና በደንብ የሚኖሩ ወላጆች ምስክርነት ሳይናገሩ ልጆቻቸውን ማስጠመቅ ይችላሉ ተባለ። አባላቱ ስላነሱና ወንበሩ ስለሳሳ ነው። ውሳኔው ሲነበብ ታምዚን ጆሮዋ ደንቆር ብሎ ስለነበር «ምን አሉ?» አለችኝ። በጆሮዋ ነገርኳት።

«እንደ እኔ ያለችም?»

«እንደ አንቺ ያለችም።»

«ሳትናገር?»

«ሳትናገር።»

 «ጥሩ ነው» አለች። «ለዛብሎን ሚስት ጥሩ ነው። እሷ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች።» ከዚያ መዝሙር ተጀመረና ተነሣን። እኔ በንዴት መዘመር አልቻልኩም። በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልነገርኩትም።

ባለፈው መስከረም ወደቀች። ሦስት ቀን እየሄድኩ አስታመምኳት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ አልጋዋ ድረስ ደርሷል። ሾርባውን እምቢ አለች።

«እትዬ ሲስሊ» አለችኝ። በስተርጅናም እትዬ ማለቷን አልተወችም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስሙን ታስታውሺዋለሽ?»

«አስታውሳለሁ» አልኳት። ወዲያው ነው ያልኩት።

«እኔ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም። ውኃ ስላልነካው ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። አምብሮዝ ያውቅ ነበር፣ እሱም የለም። ከዚህ ዓለም የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።» እጄን ያዘችኝ። «አሁን ቢጠፋም ግድ የለም። አንዴ ጥሪልኝ፤ ከሰው አፍ ልስማው።»

ሳህኑን አስታውሳለሁ። ስንጥቁን፣ የሣሩን ብጣሽ፣ በጆሮዬ ላይ የተሰማኝን የትንፋሿን ሙቀት አስታውሳለሁ። የሁለት መቶ አሥራ ስድስት ልጆች ስም አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ግን እሷ ስትነግረኝ እኔ እንዴት እምቢ እንደምላት እያሰብኩ ነበር። ስሙ በጆሮዬ አልፎ ሄዷል። አርባ ዓመት ፈልጌው አላገኘሁትም።

ዓይኗን ጨፍና እየጠበቀችኝ ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም። በሰፎክ በየቤቱ የሚገኘውን ስም፣ ምናልባት ይሆናል ብዬ፣ «ቶማስ» አልኳት።

እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«አይ እትዬ ሲስሊ» አለች።

እውነተኛውን ትነግረኛለች ብዬ እስኪመሽ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልነገረችኝም።